ከገባች ገቢ ናት

ከአንድ ቃል ጋር የተጣላ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ አያ ዘለቀ «የእርሻ ገቢ ግብር» የሚባል አዲስ ሕግ መምጣቱን በጅጋ ገበያ ከሰሙ ወዲህ እህል አልወርድ ብሏቸዋል። ገቢ ማለት ለእሳቸው በበር የገባ ነገር ሁሉ ነው። አባት ለልጁ የሰጠውም? እሱማ ዋናው!

ታዲያ ወንድ ልጃቸውን ሲድሩ ለሙሽሮቹ የሰጧትን ጊደር ከአዲሱ ጎጆ አጥር ውጭ አሰሯት። የሙሽራዪቱ አጎት ይህን ሲያዩ የሙሽራዪቱን በቅሎ በሩ ላይ አቆሙ።

«ምነው አያ ዘለቀ፣ ጊደርዎ ግቢውን ተጸየፈችው?»

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ እንጂ! ከገባች ገቢ ናት። ለልጆቼ ጊደር ብዬ ዕዳ ላውርሳቸው?»

«ደጅ የቀረ ስጦታ ስድብ ነው። ልጃችንን ይዘን እንመለሳለን!»

ዘፈኑ ቆመ። እኔም ላስረዳ አሰብሁ፤ ግን ሕጉን በዓይኑ ያየ ከመካከላችን ማን ነበር?

ያን ጊዜ ሙሽራዪቱ ከበቅሎዋ ላይ ሆና፣ «አባቴ፣ እኔስ ልግባ ወይስ ከጊደሯ ጋር ልታሰር?» አለች።

አያ ዘለቀ ቀና ብለው አዩዋት።

«ግቡ» አሉ በመጨረሻ፣ የጊደሯን ገመድ እየፈቱ። «ሁለታችሁም ግቡ።» ከዚያ ግራ ቀኝ ተገላመጡና፣ «ብቻ ቀስ ብላችሁ» ሲሉ አከሉ።