አባቴ፣ ጆይስቲኩ እና ክቡር ሊቀ ጥገና

በየቤተሰቡ ውስጥ ደህና የሚሠራ ዕቃ ሲያይ ዕረፍት የሚያጣ አንድ ሰው አይጠፋም። መልኩ ይለያያል እንጂ ከአፉ የማይለየው ቃል አንድ ነው፤ «ቆይ፣ እስቲ እኔ ልየው»።

የእኛው የባለቤቴ ወንድም ነው። ክቡር ሊቀ ጥገና ብለን ሰይመነዋል። ልብስ ማጠቢያችንን «ያየው» ዕለት ማሽኑ እየዘለለ ከመታጠቢያ ቤት ወጥቶ ሳሎን በር ላይ ቆመ። እኔ ክው ብዬ ስቀር እሱ በኩራት «ጉልበቱን አየኸው?» አለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ኮምፒውተሬን ጠራርጎ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት ጭኖበት አገኘሁት። ፎጣዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። «ነጻ አወጣሁህ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሩ ሲንኳኳ በቀዳዳው ሳላይ አልከፍትም።

አብረውን የሚኖሩት አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታቸውና ግራ እጃቸው ሰነፈ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጣታቸው እንዲፍታታ እየጨበጡ የሚለቋት የላስቲክ ኳስ ሰጠቻቸው። «በዚህ ዕድሜዬ ኳስ አልጫወትም» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቷት። ስለ እጃቸው የተነሳ እንደሆነ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።

አንድ ቅዳሜ ሊቀ ጥገና በሁለት እጅ የሚያዝ የብሉቱዝ ጆይስቲክ ይዞ መጣ። ኮምፒውተሬ ላይ የከባድ መኪና መንጃ ጨዋታ ጫነና «አባባ፣ መኪናዎን አምጥቼልዎታለሁ» አላቸው። ያባርሩታል ብዬ ስጠብቅ፣ አባቴ ጃኬታቸውን ለብሰው መጥተው ቁጭ አሉ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

የጆይስቲኩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን አቆመ፤ ኮምፒውተሩም «ተገናኝቷል» አለ። ጨዋታው ግን ንቅንቅ አላለም። ሊቀ ጥገና አጠፋው፣ አበራው፣ አቋርጦ እንደገና አገናኘው። የመሞከሪያ ገጽ ሲከፍት የተጫነው ቁልፍ ሁሉ ይበራል፤ ወደ ጨዋታው ሲመለስ መኪናው ድርቅ።

«ሞተሩ አልነሳ አለ?» ጠየቁ አባቴ።

«ሞተሩስ ደህና ነው አባባ፤ መሪው ነው ያልተያያዘው።»

«ኮምፒውተሩ ተገናኝቷል እያለ?» አልኩ እኔ።

«ኮምፒውተሩማ አውቆታል። ጨዋታው ግን ለብቻው እንደተዘጋ ክፍል ነው፤ ውጭ ያለ ዕቃ እንዲያይ አልተፈቀደለትም።»

አባቴ ለመነሳት ወንበሩን ተደገፉ። «ተወው ልጄ፣ አትድከም። የኔ ነገር አብቅቷል።»

ሊቀ ጥገና ወደ ኮምፒውተሩ አጎነበሰ። ግንባሩን ጠረገና የፈቃዱን ገጽ ፈልጎ አገኘ። ጨዋታው የተገናኙ ዕቃዎችን እንዲያይ ፈቀደለት፤ ዘግቶም ከፈተውና ጆይስቲኩን ለአባቴ አስጨበጣቸው። መኪናው አጓራ። ጆይስቲኩ በአባቴ መዳፍ ውስጥ ነዘረ።

«ፍሬኑ የታለ?»

«በግራ ጠቋሚ ጣትዎ ነው አባባ። ጥሩምባው ከጎኑ ነው።»

ጆሮው ላይ ተጠግቼ «ምን ነካህ? የታመመው እሱ እጃቸው አይደል?» አልኩት።

«አውቃለሁ። ባለሙያዋ ዘንድ ሄጄ የትኛው ጣት መሥራት እንዳለበት ጠይቄያታለሁ። ቁልፎቹን በዚያ መሠረት ነው የቀያየርኳቸው።»

ልብስ ማጠቢያው ሲሄድ እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም። ይህ ሰው በሕይወቱ ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

መኪናው ቁልቁለቱን ተያያዘው። የአባቴ ጣት አመነታች፣ ከዚያ ተጫነች። መኪናው ቆመ። ቀጥሎ ጥሩምባው ሲያምባርቅ ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሮጣ መጣች።

«ከመንገዱ ዞር በሉ» አሉን አባቴ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምተን አናውቅም ነበር።

ሊቀ ጥገና ለመሄድ ሲነሳ ጫማውን ደበቅሁበት።

«እራት ሳትበላ የትም አትሄድም።»

ግራ ገብቶት ትንሽ አየኝና ጆሮውን ወደ ፍሪጁ አቀና። «ይሄ ፍሪጅ ድምፁ ደህና አይመስለኝም።»

«አዎ፣ ብታየው ጥሩ ነው» አልኩት።

ፍሪጁ ምንም አልሆነም ነበር።