የበሪሁን አውሮፕላን የኋላ ወንበር

በእኛ አገር ጀግና ጠፍቶ አያውቅም። የሚጠፋው ቀኑ ሲደርስ ብቻ ነው። እስከዚያው ድረስ የማይዘምት፣ የማይዋኝ፣ የማይበር የለም፤ አንደበት እንደሁ ነዳጅ አይጠይቅ። እርስዎም ከዚህ ወገን አይደለሁም ብለው እንዳይምሉልኝ። እኔ ምዬ የሆንሁትን ልንገርዎ።

ቡሬ ሳስተምር ጎረቤቴ በሪሁን የሚባል የወፍጮ መካኒክ ነበር። ይህ ዝምተኛ ሰው አራት ዓመት ሙሉ በጓሮው ብረት ሲቆርጥና ሲበይድ ኖሮ፣ አንድ ቀን መጋረጃውን ቢገልጠው፣ ክንፍ በክንፍ ላይ የደረበች ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን ቁጭ ብላለች። ሞተሯ ከአሮጌ ቮልስ የተፈታ፣ ከፊቷ የሚሽከረከረው መቅዘፊያ ከዋንዛ የተጠረበ ነው። የክንፎቿን ሸራ በስፌት መኪናዋ የሰፋችው ሚስቱ ጥሩወርቅ መሆኗን ግን ማንም አላነሳም።

ከፍኖተ ሰላም ሳይቀር ሰው እየመጣ አየ። የወረዳው ጽሕፈት ቤትም ጉዳዩን በጥልቀት ካጠና በኋላ ታርጋዋ የት እንዳለ ጠየቀ። በሪሁን፣ ሰማይ ላይ ማን ያነበዋል ቢል፣ ጥያቄው ለበላይ አካል ተላለፈ። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው እንዲሉ፣ ጉዳችን የኋላው ወንበር ላይ ነበር። በሪሁን ሚዛኗን ለመጠበቅ የበቆሎ ጆንያ ላስቀምጥበት ቢል ከተማው ተቆጣ። ወንድ ጠፍቶ ነው በቆሎ የሚበረው? አንድ ነጋዴ እኔ አለሁ አለ፤ የእድራችን ዳኛም እንዲሁ አሉ፤ ከሁሉ አስበልጬ የማልሁት ግን እኔ ነበርሁ።

በጥር አንድ ጠዋት፣ ጤፍ የታጨደበት ሜዳ ላይ ሰዉ እንደ ጥምቀት ወጣ። ነጋዴው ደምበጫ አስቸኳይ ጉዳይ ገጥሞታል ተባለ። የእድሩ ዳኛ የአክስታቸው ተዝካር ድንገት ትዝ ብሏቸው ሄዱ፤ አክስታቸው ከእኛው ጋር ቆመው እያዩ ነበር። በሪሁን ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር፣ ይወጣሉ?»

ወገቤን ያመኛል አልሁት። ዕድሜዬ ሠላሳ አንድ ነበር።

እሱ ጆንያውን ሊያነሳ ሲሄድ፣ ጥሩወርቅ ነጠላዋን አደግድጋ ወንበሩ ላይ ወጣች። ልጆቹን አስቢ እንጂ እያለ ለመናት።

«ስፌቱን የማውቀው እኔ ነኝ» አለችው። «የሚቀደድ ከሆነ እዚያው ልሁን።»

አውሮፕላኗ ገለባውን እየበተነች፣ እየነጠረች ሄደች፤ ከዚያ ጎማዎቿ መሬት ለቀቁ። ከባሕር ዛፎቹ በላይ አንድ ዙር ዞረች። ሜዳው እልል ሲል እኔ የማየው ስፌቱን ብቻ ነበር። ስታርፍ አንድ ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገብቶ የታችኛው ክንፏ ተሰበረ እንጂ፣ እግዜር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። በሪሁን የተሰበረውን እየዳበሰ አለቀሰ፤ ከደስታ ይሁን ከሐዘን እሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም።

ጥሩወርቅን ከላይ ምን እንደታያት ጠየቅኋት።

«ሁላችሁንም አየኋችሁ፣ መምህር። ለካ በጣም ታንሳላችሁ።»

ጎጃም ውስጥ እንዲህ ሲባል ሰሙን ነው ወርቁን ተብሎ አይጠየቅም። እኔም አልጠየቅሁ።

በሳምንቱ አውሮፕላኗን የሚያስጠግን ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው የእድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊው እኔ። ጥሩወርቅ ክንፉን በመስፋት ላይ ስለነበረች ስብሰባው ላይ አልተገኘችም። በቃለ ጉባኤው ላይ «ያለ በቂ ምክንያት የቀረች» ብዬ መዘገብኋት።