የቀበሌውን ወፍጮ የሰበርኩት እኔ ነኝ

ዛሬ ጠዋት ስልኬን ብከፍት ጀግና ሆኛለሁ!

አንድ የድሮ የሰፈር ልጅ የጉለሌን ትዝታ ፖስት አድርጎ እኔን ታግ አድርጎኛል። «በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ወፍጮ በአንድ ቀጥቃጭ ስህተት ሲሰበር፣ ከሶቭየት የመጣው ኢንጅነራችን ነው ያዳነን» ይላል። ከሥሩ ልቡም ጭብጨባውም ተደርድሯል። አንዷማ «እንዲህ ያለ ምሁር ያብዛልን» ብላለች።

ሻዬን አስቀምጬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ወገኖቼ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው! የሰበርኩት እኔ ነኝ። ያዳነው ቀጥቃጩ ነው። ወፍጮውን ብቻ ሳይሆን እኔንም!

ረጅም ነው፣ ግን ታገሱኝ። ይህን ያህል ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ።

ያኔ ሶቭየት አገር የብረታ ብረት ምህንድስና እማር ነበር። የመመረቂያ ሥራዬ ስለ ፊውዥን ሪአክተር ብረት ነው። ፊውዥን ማለት፣ እ... ፀሐይ ውስጥ ያለውን እሳት እዚህ ምድር ላይ ለማንደድ የሚደረግ ሙከራ በሉት። ጣጣው ያለው ግድግዳው ላይ ነው። ከእሳቱ ውስጥ ኒውትሮን የምትባል የማትታይ ቅንጣት እየተወረወረች ብረቱን ያለ እረፍት ትደበድበዋለች። ብረቱ ያብጣል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ይባስ ብሎ ራሱ ጨረር የሚረጭ ይሆናል። እኛ ጨረሩን የሚያባብሱትን ኒኬልና ሞሊብዲነም የተባሉ ማዕድናት እያወጣን፣ ተንግስተን እየጨመርን፣ ይህን ሁሉ የሚችል ብረት እንፈልግ ነበር።

«እኛ» ስል ፕሮፌሰሩና ረዳቶቹ ማለቴ ነው። እኔ ናሙና እሞርድ ነበር።

ለክረምት እረፍት ጉለሌ ስመጣ ግን ለሰፈሩ እንዲህ አላልኩም። «ፀሐይን የሚችል ብረት እየሠራሁ ነው» አልኩ! ማን ሄዶ ያጣራል?

ጉራ ደግሞ እግር አለው። ቀበሌ ደረሰ።

ትምህርቴን ለመጨረስ ተመልሼ መሄድ አለብኝ። ለመሄድ የመውጫ ቪዛ፣ ለቪዛው ደግሞ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ያቺ ደብዳቤ ከሌለች ሶቭየትም የለ፣ ዲግሪም የለ። ያን ሰሞን የቀበሌው ወፍጮ ዘንጉ ተሰብሮ ቆሟል። ዘንግ ማለት ሞተሩ በቺንጊያ የሚያሽከረክረው፣ ድንጋዩን የሚያዞረው ወፍራም ብረት ነው። የሰፈሩ እናቶች እህል ተሸክመው ዊንጌት ድረስ ይሄዱ ነበር።

ጓድ ሊቀ መንበሩ አስጠራኝ።

«ፀሐይን የሚችል ብረት የሚሠራ ልጅ እያለን ወፍጮ ይቆማል እንዴ? ዘንጉን ሥራ። ደብዳቤህን ወፍጮው በሚመረቅበት ቀን ትወስዳለህ።»

እምቢ ማለት አለ? የለም!

ካረጀ የጭነት መኪና አክስል ጥሩ ብረት አገኘሁ። አዲሱ ገበያ ቶርኖ ቤት ወስጄ በልኩ አስቆረጥኩት። የቀረው ማጠንከሩ ነው። ለዚያ የሚሆን እሳት ያለው አባባ ተሰማ ዘንድ ብቻ ነበር።

አባባ ተሰማ ወደ ቁስቋም መውጫው ላይ የሚኖሩ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ ቢላና መጥረቢያ ያሠራቸዋል። ቤታቸው ገብቶ ውሃ የሚጠጣ ግን የለም፣ ዓይናቸው ይፈራል። ቀበሌው በስብሰባ «ከእንግዲህ ማንንም ቡዳ ማለት ክልክል ነው» ብሎ ነበር። ሰዉም መናገሩን ትቶ መፍራቱን ቀጠለ።

እኔስ? የሳይንስ ሰው? እማዬ «እዚያ ቤት ምንም እንዳትቀምስ» ብላኝ ነበርና አልቀመስኩም!

አባባ ተሰማ ወናፋቸውን ነፉ፣ ዘንጉ ደም መሰለ። በጉጠት ይዘን ውሃ ውስጥ ነከርነው። ቀዝቅዞ ሲወጣ ሞረድ ሞከርኩበት፣ ጭራሽ አልነካው አለ። ደስ አለኝ!

«አሁን ላዩን ወልውለን፣ ድርቀቱ እንዲለቀው መልሰን እናሙቀው» አሉ አባባ ተሰማ። «በቀስታ ነው። ቢጫ ይሆናል፣ ቡናማ ይሆናል። ሰማያዊው ሲመጣ ታወጣዋለህ።»

አውቀዋለሁ እኮ! ፈተና ላይ መልሼዋለሁ! ላቦራቶሪያችን ውስጥ ግን የሚለካው በዲግሪ እንጂ በዓይን አይደለም።

«አባባ፣ ያለ ቴርሞሜትር ካሞቅነው ጥንካሬውን ያጣል። ይቅርብን» አልኳቸው።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። በር ላይ ሰው ቆሞ ያየን ነበር። ሶቭየት ድረስ ተልኬ መጥቼ ከቀጥቃጭ ስማር ልታይ?

ወናፍ ሲነፉ ስለ ሪአክተሩ ብረት አውርቼላቸው ነበር፤ ዘንጉን እያገላበጡ ጠየቁኝ።

«ያ የምትሠራው ብረት ሲደበደብ ምን ይሆናል አልከኝ?»

«ይደርቅና ይሰበራል።»

«ይሄን ታዲያ ገና ሳይደበደብ አንተው አደረቅኸው።»

ሳቅሁ። ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ዘንጌን ተሸክሜ ሄድኩ!

የምረቃው እሑድ ደረሰ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቀይ ጨርቅ ተወጥሯል። እማዬ ስንዴዋን ይዛ ከፊት ቆማለች፣ ልጇ የሠራው ወፍጮ ላይ የመጀመሪያዋ ልትሆን። ጓድ ሊቀ መንበሩ ስለ ሠርቶ አደሩ ድልና ስለ እኔ ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያ ሞተሩ ተነሣ፣ ድንጋዩ ዞረ፣ ሰው አጨበጨበ።

ቋ!

ዘንጉ ለሁለት። ቺንጊያው ተፈናጥሮ ቀዩን ጨርቅ ይዞት ወረደ።

ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። የሳቀም አልነበረም። ጓድ ሊቀ መንበሩ ፊቱ ጠቁሮ ዞረና አንድ ቃል ብቻ ተናገረ።

«አሻጥር!»

ታናናሾቼ፣ ይህ ቃል ያኔ ምን ማለት እንደነበር ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። በዚህ ቃል ከቤታቸው ተወስደው ያልተመለሱ ነበሩ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ቀረቡ። እማዬ እጄን ያዘች።

«ይሄን ብረት ያጠነከረው ማነው?» አለ ሊቀ መንበሩ።

ያኔ ከኋላ ድምፅ ተሰማ።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ።» አባባ ተሰማ ነበሩ። «ልጁስ መልሰን እናሙቀው ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

እና ሁሉም አመናቸው! ወዲያው! «እንዴ፣ እውነት?» ያለ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ከተማረው ልጅና ከቀጥቃጩ ማን ይሳሳታል? ሊቀ መንበሩ በሰው ፊት ሰደባቸው። «ማክሰኞ ወፍጮው ካልዞረ ትታሰራለህ» አላቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው አንተ ብሎ።

እኔ ምን አልኩ?

ምንም። ዝም።

የዛሬው ኑዛዜዬ ይህች ዝምታ ናት። ፈርቼ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ከፍርሃቱ ጋር ትንሽ ደስታም ነበረችበት፣ እሷ ናት እስከ ዛሬ የምታሳፍረኝ።

ሰኞ በጠዋት አባባ ተሰማ ቤት ሄጄ ሳልጠየቅ ወናፉን ያዝኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ያየ ይየኝ! እሑድ ማታውኑ ከሌላ አክስል ያስቆረጥኩትን አዲስ ዘንግ አግለን ነከርነው፣ ወለወልነው፣ መልሰን አሞቅነው። ቢጫው መጣ፣ ቡናማው አለፈ፣ ሐምራዊ ሆነ። ሰማያዊው ብቅ ሲል «በል አሁን!» አሉኝ። ላብ በላብ ሆኜ ውሃ ለመንኩ፣ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ። ደግሜም አስቀዳሁ።

ማክሰኞ ወፍጮው ዞረ። ከዚያም ለዓመታት ዞረ። እኔም ደብዳቤዬን ተቀበልኩ፦ «በሙያው ሕዝቡን ያገለገለ» ይላል። በማኅተም!

አባባ ተሰማ፣ ነፍስዎን ይማር። ዲግሪዬም፣ እንጀራዬም፣ ልጆቼም ከዚያች እሑድ ወዲህ የመጡ ናቸው። ዕድሜ ልኬን ከብረት ጋር የኖርኩት እርስዎ ስላተረፉኝ ነው። ያን ቀን በሰው ፊት ያላልኩትን ዛሬ በሰው ፊት እላለሁ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከመሄዴ በፊት ልሰናበታቸው ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር።

«አባባ፣ ለምን እንደዚያ አሉ? ቢያስሩዎትስ ኖሮ?»

መዶሻቸውን እንኳ አላስቀመጡም።

«እኔንማ እሑድ ቢያስሩኝ ሰኞ ይፈቱኛል። ወፍጮውን፣ ቢላውን፣ መጥረቢያውን ማን ይሠራላቸዋል? አንተን ቢያስሩህ ግን ምን ይጎድልባቸዋል?»

ቆሜ አሰብኩ። የሚጎድል ነገር ፈለግሁ፣ አጣሁ። ይኸው ጡረታ ወጥቼም እየፈለግሁ ነው። እስቲ እናንተ አንድ እንኳ ታገኙልኝ ይሆን?