አዳምን ለባቡር ነጂው የሰጠሁ ዕለት

ከእንግዲህ ባቡር የሚባል ነገር እንዳታነሱብኝ። ትልቁንም ትንሹንም። በተለይ ትንሹን።

ሰይድ እባላለሁ፣ የደሴ ልጅ ነኝ። ዳውንታውን አትላንታ ፓርኪንግ ውስጥ ስንት ዓመት መኪና ሳስገባ ሳስወጣ ኖሬ አምና ጡረታ ወጣሁ። አሁን ከአትላንታ ወጣ ብሎ ሊልበርን፣ ልጄ ሐያት ቤት፣ ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነኝ። ሐያት ፋርማሲስት ናት። ባሏ ከማል ትራክ ይነዳል፤ ዛሬ የት ስቴት ነው ብትሉኝ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ አዳም ስድስት ዓመቱ ነው፣ ኑራ አራት። በአንድ ጣሪያ ስር እየኖርን ልጆቹን የማገኛቸው ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት በኋላ ሌላ ትምህርት፣ ከዚያ ዋና፣ ከዚያ እንቅልፍ። «ሃይ አባባ» ይሉኛል። ሃይ እላቸዋለሁ። በቃ፣ አያትነቴ ይችው ናት።

ታዲያ ሐያት ቅዳሜ ቅዳሜ መሥራት ልትጀምር ሆነ። ልጆቹን ማን ይይዛል? እኔ አለሁ አልኳት። በጎን አየችኝ። ቤት ውስጥ እኮ ሰው አለ፣ አንቺንስ ማን አሳደገሽ አልኳት። «አባባ፣ ላይክ፣ ያ ሌላ ጊዜ ነው» አለችኝ። ስለምናት ሰንብቼ በመጨረሻ ተስማማን። ማሪዬታ ከተማ ትልቅ የአሻንጉሊት ባቡር ኤግዚቢሽን አለ፤ አዳም ደግሞ በባቡር አብዷል። ይዘሃቸው ሂድ፣ በሰላም ከተመለሳችሁ ቅዳሜ ያንተ ነው አለችኝ። ቅዳሜ የእኔ! ወላሂ፣ ግሪን ካርድ ሲደርሰኝም እንደዚያ አልተደሰትኩም። ስልክ ቁጥሯን በወረቀት አምባር ላይ ጽፋ ሁለቱም ልጆች እጅ ላይ አሰረች። እኔ እጅ ላይ አለማሰሯንም እንደ ትልቅ ክብር ቆጠርኩት።

አዳራሹን ብታዩት! ከዳር እስከ ዳር ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተራራ፣ ድልድይ፣ ወንዝ፣ ከተማ ተሠርቶበታል፤ በመሃሉ ባቡር ሽው ይላል። የሚያጫውቱት ልጆች እንዳይመስሏችሁ። የእኔ እኩያ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ባለመስመር ቆብ አድርገው፣ የእውነት መንገደኛ እንደጫነ ሰው ኮስተር ብለዋል። አንደኛው ጋ ቆምንና ከተማውን አየሁት። ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ነዳጅ ማደያ አለ፣ ውሻዋን የምታንሸራሽር ጥፍር የምታህል ሴትዮ አለች። ፓርኪንግም አለ። ጠባቂ ግን የለውም። ዞሬ በጀርባ በኩልም ፈለግሁ፣ የለም። ያን ሁሉ ዓመት ብርድና ሙቀት የተፈራረቀብኝ ሥራ፣ በአሻንጉሊት ከተማ እንኳን ሰው አልተመደበለትም። ከፋኝ። ለአዳም ላሳየው ብል ዘወርም አላለልኝ።

አዳም ባቡር ሲያይ ሌላ ፍጡር ነው። ሁለት እጁን ጠረጴዛውን የከበበው አጥር ላይ ለጥፎ ፈዞ ቀረ። የጭነት ባቡር ነው፣ ከዋሻው ወጥቶ አያልቅም። ይኼኔ ኑራ ሱሪዬን ጎተተችኝ። «አባባ፣ ፖቲ!» ትንሽ ቆዪ አልኳት። «ናው!» አለች፣ እግሯን አጠላልፋ። አዳምን ና ሽንት ቤት አድርሰናት እንመለስ ብዬ እጁን ስይዘው ጮኸ። እንዴት ያለ ጩኸት! አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

እስኪ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ አገሬ የሚደረገውን አደረግሁ። ባቡሩን ለሚነዳው ሽማግሌ አዳምን ሰጠሁት። የአዳምን እጅ ወስጄ እጁ ላይ አስቀመጥኩ፣ ደረቴን ያዝ አድርጌ ጎንበስ አልኩና «ፕሊስ፣ ቱ ሚኒት» አልኩት። ምን አጠፋሁ? እኛ እኮ ልጅ ያዙልኝ ብለን ያደግን ሰዎች ነን። የሐያት እናት ዘይነባ፣ አላህ ይማራትና፣ ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስንሄድ አንዷ ሴትዮ ሳታስፈቅዳት ሕፃን ጭኗ ላይ አስቀመጠችባት። ስሟን አልነገረቻት፣ ስሟን አልጠየቀቻት። ከኋላ ወንበር አግኝታ ለጥ አለች። ዘይነባ ልጁን ስታባብል፣ ሲያስመልስባት ስትጠርግ ደብረ ብርሃን ደረስን። እናትየው ስትነቃ አመሰግናለሁ ያለች መሰላችሁ? ቆቡን ለምን አወለቅሽበት ብላ ተቆጣች! ዘይነባም ይቅርታ ጠየቀች።

ሽማግሌው «ሰር፣ አይ ካንት» አለኝ። ሰምቻለሁ፣ አልሰማሁም አልልም። ግን እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እንቢታ ለወጉ ነው። ብላ ሲሉህ አሁን በልቼ መጣሁ ትላለህ፤ ግባ ሲሉህ ቸኩያለሁ ትላለህ። ከዚያ ትገባለህ፣ ትበላለህ። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው አልኩና ኑራን አንጠልጥዬ ሮጥኩ።

ሁለት ደቂቃ ያልኩት ሁለት ደቂቃ መስሎኝ ነው። ወንዶች ጋ ላስገባት አልፈለግሁም፣ ሴቶች ጋ እኔ አልገባም፤ የቤተሰብ የተባለው ደግሞ ሰልፍ አለው። ስንገባ ጃኬት፣ ከጃኬቱ ስር ሌላ ልብስ፣ ልብሱ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ቁልፍ ብቻ። የሰፋው ሰው ልጅ የለውም። ጨርሰን እጇን ሳደርቅላት ማሽኑ ሲጮህ ደነገጠችና ጉልበቴ ላይ ተጠምጥማ ታለቅስ ጀመር። ስንወጣ ሩብ ሰዓት አልፏል።

አዳራሹ ፀጥ ብሏል። ባቡሮቹ በሙሉ ቆመዋል። በሩ ላይ ሰው ቆሟል፣ ማንም አይወጣም። በድምፅ ማጉያ ስድስት ዓመት የሚሆነው፣ ቢጫ ሹራብ የለበሰ ልጅ ይላሉ። የማን ምስኪን ልጅ ጠፋ ብዬ አዘንኩ። ሹራቡ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

እየሮጥኩ ስደርስ ሁለት ሴኩሪቲዎችና አንዲት ወረቀት የያዘች ሴትዮ አዳምን ከበውታል፤ በሩን የዘጉት ልጁን ጥሎ የሄደውን ሰው፣ እኔን፣ ሲፈልጉ ነው። ሽማግሌው ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከአዳም ጎን ግን አልተለየም። አዳም ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። ናፍቄው ነው ብዬ ሆዴ ባባ። ሴትዮዋ አስቆመችኝና፣ ይሄ ሰው አያትህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ቀና ብሎም አላየኝም። መጀመሪያ ባቡሩን አስነሱልኝ አላት። ደግማ ጠየቀችው። ባቡሩ! አላት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀው ለምን አቆማችሁት ብሎ መልሶ ጠየቃት።

መታወቂያ አምጣ ተባልኩ። ሰይድ ይመር ይላል። የልጁስ ስም? አዳም ከማል። የእናቱስ? ሐያት ሰይድ። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አንድ ቤተሰብ፣ ሦስት ዓይነት ስም! እኛ እኮ የምንጠራው በየአባታችን ስም ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ፤ ስደነግጥ ደግሞ እንግሊዝኛዬ ጥሎኝ ይጠፋል። አያትነቴን የሚመሰክርልኝ አንድ ሰው ነው፣ እሱም ባቡር ቆሞበታል።

በመጨረሻ አምባሩን አይተው ለሐያት ደወሉ። መሰከረችልኝ። ከዚያ ስልኩን ሰጡኝ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለኝ። «አባባ፣ ለማን ነው የሰጠኸው?» አለችኝ። ለሽማግሌው አልኳት። «ስሙ ማን ነው?» ዞሬ አየሁት። ጥሩ ሰው ነው አልኳት። «እንዴት አወቅህ?» ምን ልበላት? ፊቱን አይቼ? ስልኩን ለሴትዮዋ መልስላት አለችኝ። ቅዳሜዬ እንዳመለጠችኝ ያኔ ገባኝ። አፈርኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ እንባዬ መጣ። ሽማግሌው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝና ሄዶ ባቡሩን አስነሳው። አዳም ያን ጊዜ ነው ሮጦ መጥቶ እጄን ጥብቅ አድርጎ የያዘኝ። «አባባ፣ ሉክ!» ሴትዮዋ ግን ወረቀቷን ይዛ ሄዳለች።

ሐያት በሳምንቱ ስልኳ ላይ ሞግዚት ፈልጋ አገኘች። ታውቂያታለሽ ወይ አልኳት። ባክግራውንድ ቼክ አልፋለች፣ የኋላ ታሪኳ ተጣርቷል፣ አምስት ኮከብ አላት አለችኝ። አይተሻት ታውቂያለሽ? ስትመጣ አያታለሁ አለች። ልብ በሉልኝ! እኔ ቢያንስ ሽማግሌውን አይቼዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ መጣች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ማስቲካ ታኝካለች። ሐያት አንድ በአንድ አስረዳቻት። አዳም ኦቾሎኒ አይነካም፣ ኑራ ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ልጅቷ ስልኳ ላይ ትጽፋለች። እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ጽፋ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሐያት ዞረች። እሱስ ምሳውን ስንት ሰዓት ነው የሚበላው ብላ ጠየቀቻት።

ሐያት ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ አለቻት፣ የመኪና ቁልፏን እያነሳች። ጨው ደግሞ እንዳታበዢበት።