የጋሼ ሞገስ ምርቃት ያለበት ዲቪዲ

ዕቃም እንደ ሰው ሳይሞት የሚቀበርበት ጊዜ አለ። ካሴቱን ሲዲ ቀበረው፤ ሲዲውን ፍላሽ፤ ፍላሹን ደግሞ ይኸው «ክላውድ» የሚሉት ደመና። እናንተም ቤት መሳቢያ ውስጥ አንድ ዲቪዲ አይጠፋም፤ የጠፋው ማጫወቻው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ዲስክ ግን ከሁለቱም ይብሳል።

ይህን ያስተማሩኝ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሂልቶፕ በሚባል ሰፈር አጥር የምንጋራቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። ባለቤታቸው ጋሼ ሞገስ ካረፉ ቆይተዋል። ልጃቸው ሳሮን ልታገባ ስትል ግን እትዬ አንድ ነገር ቆረጡ፤ አባቷ ሳይመርቃት ከቤት አትወጣም። ጋሼ የወንድ ልጃቸውን ሠርግ ሲመርቁ የተቀረጹበት ዲቪዲ ነበር።

«ማሚ፣ ዶንት ዎሪ፣ ክላውድ ላይ አለ» አለች ሳሮን። እውነቷን ነው። አካውንቱ ግን የአባቷ ነበር፤ ፓስወርዱን ይዘውት ሄደዋል።

እትዬ ዲቪዲውን ይዘው እኔ ቤት መጡ። ላፕቶፔን አገላብጠው አዩት።

«በየት ነው የሚገባው?»

«ይሄኛው መግቢያ የለውም፣ እትዬ።»

«በር የሌለው ቤት ሠርተው ነዋ የሸጡልህ» አሉ።

ክሊቭላንድ አቬኑ ወደሚባለው ጎዳና ወሰድኳቸው። እዚያ ድሮ የዘፈን ሲዲ ይሸጥ የነበረ፣ አሁን በርበሬና የስልክ ከቨር የሚሸጥ ሱቅ አለ። ባለሱቁ ከጓዳ አቧራ የለበሰ ማጫወቻ አወጣልን። ሙሽሮቹ ገቡ፣ ኬኩ ተቆረሰ፣ ጋሼ ሞገስ ብድግ ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ምስሉ ቀጥ አለ። ጠርገን ሞከርን፤ እዚያው ላይ ቆመ። ደግመን ጠረግን፤ እንደዚያው።

«ተጭሯል፣ እናቴ። አልቆለታል» አለ ባለሱቁ።

እኔም ልነሣ ስል እትዬ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። «አንተ ከደከመህ ሂድ። እኔ ባሌን አፉን እንደከፈተ ትቼው አልሄድም።»

ባለሱቁ ይህን ሲሰማ ራሱን አከከ። ዲስኩ ብቻ ሳይሆን ማጫወቻውም አርጅቶ ሊሆን ይችላል፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ አዲስ ማንበቢያ ብታገኙ ሞክሩት አለን። ጋሃና በሚባለው ከተማ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ እንዲህ ያለ እንዳለው ትዝ አለኝና ኮል አደረግኩት። በማግስቱ ልጁ ቤት ሄድን። ማንበቢያው አጉረመረመ፣ አቃሰተ፣ ዝም አለ። እትዬ ስም እየጠሩ ጸለዩ፤ የመልአክ ይሁን የባላቸው አልለየሁም። ከዚያ የጋሼ ሞገስ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ «ውለዱ፣ ክበዱ...»

እትዬ እጄን ያዙ። «አቁመው። የቀረውን ልጄ ትስማው።»

ወደ ስልኬ ገለበጥነው።

የሠርጉ ዕለት ጋሼ ሞገስ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ፣ በፕሮጀክተር፣ አንድ ጎጆ አክለው ቆሙ። ሳሮን እጇን አፏ ላይ አድርጋ «አባቢ» አለች። እንግዳው ሁሉ ሊቀርጽ ስልኩን አነሣ። ጋሼ መርቀው፣ አሜን አስብለው ሲያበቁ፣ ያን ጊዜ በወንድ ልጃቸው ሠርግ ይቀርጻቸው ወደነበረው ልጅ ዞር አሉ።

«አንተ ልጅ፣ እሱን አስቀምጥና ብላ እንጂ።»

መጀመሪያ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ስልካቸውን አወረዱ። ቀጥሎ ጎናቸው ያሉት። ከዚያ ሁላችንም፤ ደመወዝ የሚከፈለው ካሜራማን ሳይቀር። ሳሮን እያለቀሰች ሳቀች፤ እናቷም እንዲሁ።

ያቺ ሳቅ ዲስክ ላይ የለችም። ክላውድ ላይም ብትፈልጓት አታገኟትም።