በሰው ሐዘን ሰልፍ የሚያልፍ ዘመድ

«ቢሮ የሚያውቅ ዘመድ» አለዎት? ከሌለዎት ያመስግኑ። እኔ ሰይድ የሚባል የአጎት ልጅ አለኝ። በጦርነቱ ባላቸውን ያጡት አክስታችን ዘይነባ፣ ተዘግተው የቆዩት ቢሮዎች እንደተከፈቱ የሟቹን ጡረታ በስማቸው ለማዞር ከመርሳ ወልድያ ሲመጡ ሁለታችን ይዘናቸው ሄድን። ሰልፉ ከጡረታ ቢሮው ግቢ ውጭ ደርሷል።

«አክስቴ፣ ትንሽ ያልቅሱ፤ ያሳልፉናል» አላቸው ሰይድ።

«እኔ ቤቴ አልቅሼ ነው የመጣሁ።»

ሰይድ መች ይሸነፋል? ራሱ «ወይኔ አጎቴን!» እያለ ደረቱን ይመታ ጀመር። ያን አጎቱን እኮ በሕይወት ሳሉ ለዒድ እንኳ ጠይቋቸው አያውቅም! ሰልፈኛው ግን አዝኖ መንገድ ለቀቀልን። እኔም፣ ምን ይደበቃል፣ ደስ ብሎኝ ተከተልኩ።

መስኮቱ ጋ ስንደርስ አክስቴ ቦታዋን የለቀቀችላቸውን ጥቁር የለበሰች ሴት፣ «አንቺስ ማን ሞቶብሽ ነው?» አሏት።

«ልጄ። እዚህ የቆምነው ሁላችንም ሰው የሞተብን ነን፣ እማማ።»

«አፉ በይኝ፣ ልጄ» አሉና ተመልሰው ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ።

ሰይድ እየተከተለ፣ «እንዲህማ ከሆነ ዛሬ አይደርሰንም» አላቸው።

«ነገ እመጣለሁ። አንተ ግን አትምጣ።»

እኔ አቀርቅሬ ቆሜያለሁ። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

«አንተም» አሉኝ።