አያ ሽበሺ የመኪናውን ሆድ ያላሉ ለት

በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ ሁለት ሹፌር አለ። አንዱ መሪ ይይዛል፤ ሌላው አጠገቡ ተቀምጦ ያዛል። መሪ የሚይዘው መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የሚያዘው ግን አያስፈልገውም፣ ዕውቀቱ የተሰጠው ከላይ ነው። ከጎንደር ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ይህ ጸጋ ያልወረደበት ተሳፋሪ ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። የሁሉም አለቃ ግን አንድ ሰው ናቸው፤ ክቡር መጋቤ ሞተር፣ ሊቀ ጋቢና አያ ሽበሺ፤ ሀገራቸው ደባርቅ፣ ወንበራቸው ከሹፌሩ በስተቀኝ።

ይህን ከደምለው በላይ የሚያውቅ የለም። ደምለው በየዓርቡ ከአምባ ጊዮርጊስ ገብስ ጭኖ፣ ከገብሱ በላይ ሰው ጭኖ፣ ለቅዳሜ ገበያ ደባርቅ የሚያስገባ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አያ ሽበሺም በየዓርቡ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ይጠብቁታል። እዚያ ምን ሊሠሩ እንደወረዱ ተጠይቀው አያውቁም። ደምለው እንደገባው ከሆነ የሚሄዱት ለመመለስ ነው።

አያ ሽበሺ ዕድሜያቸውን በሲራራ ንግድ የፈጁ የበቅሎ ሰው ናቸው። የመጨረሻዋ በቅሏቸው ዳማ ከሞተች ቆይታለች፤ በኮርቻዋ ላይ ይነጠፍ የነበረው የቆዳ ግላሷ ግን አልሞተም። ጋቢና ሲገቡ መጀመሪያ ግላሱን ወንበሩ ላይ ያነጥፋሉ፣ ጫፍ ጫፉን ያስተካክላሉ፣ ከዚያ በክብር ይቀመጡበታል። «በባዶ ጀርባ የሚቀመጥ እረኛ ነው» ይላሉ።

መኪናው ሲነሣ ትምህርቱም ይነሣል። ዳገት ሲመጣ ወደ ፊት ይደፋሉ፤ ቁልቁለት ሲመጣ ወደ ኋላ ይለጠጣሉ። ብቻቸውን ቢያደርጉት ደግ ነበር። «ደፋ በል እንጂ! ክብደትህን ከወገቡ ላይ አንሣለት!» እያሉ ደምለውንም ያስደፉታል። አልፈው ተርፈው በመስኮት ራሳቸውን ያወጡና ከጭነቱ ላይ የተቀመጠውን ሕዝብ፣ «ደፋ በሉ!» ብለው ይቆጣሉ። ደምለው ጡሩምባ ሲነፋ፣ «አትጩህበት፣ ይበረግጋል!» ሞተሩ ሲጨነቅ ደግሞ፣ «ቼ! ቼ! አይዞህ የኔ ጌታ!» አንዳንዴ እውነትም ይበረታል። ያን ጊዜ ደምለውን የሚያዩበት ዐይን!

ደባርቅ ከገቡ በኋላ ሕክምናው ይቀጥላል። የቆመ መኪና ካገኙ ጆሯቸውን ከሞተሩ ክዳን ላይ ይለጥፋሉ፣ በጭራቸው መታ መታ ያደርጉና ፍርድ ይሰጣሉ። አንድ ቀን የሌላ መኪና ሹፌር የሆነው ክንዴ ሊከራከራቸው ደፈረ።

«ሳንባው ነው» አሉት።

«አያ ሽበሺ፣ መኪና ሳንባ የለውም እኮ።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ጭስ ከየት ይመጣል? ከጆሮው?»

መድኃኒቱንም አዘዙለት፤ በራዲያተሩ ውኃ ውስጥ አንድ እፍኝ አሞሌ ጨው። «ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ ጨው ይወዳል።» ክንዴ አልሰማቸውም። ከዚያ ወዲህ የክንዴ መኪና ባሳለ ቁጥር አያ ሽበሺ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ጨው አጥቶ ነው። የሰው ግፍ!»

ደምለው ይህን ሁሉ ለምን ቻለው? ከትሕትና ነው የሚል ካለ ደብሪቱን አላያትም ማለት ነው። ደብሪቱ የአያ ሽበሺ ልጅ ናት። መኪናው ደባርቅ ሲደርስ አባቷን ልትቀበል ትመጣለች፤ ግላሱን ተቀብላ ታጥፋለች፤ ስታጥፍ ወደ ሹፌሩ አንዴ ቀና ትላለች። ደምለው በዚያች እይታ እስከሚቀጥለው ዓርብ ይነዳል። ሽማግሌም ልኳል። አያ ሽበሺ እንደ ደንቡ «እናስብበት» ብለው መለሱ፤ ከደንቡ ውጭ ደግሞ፣ «ርስቱ የት ነው? ጎማው ላይ ነው? ልጄን ለሚንከባለል ሰው አልሰጥም» ማለታቸው ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ቁርጡን ለመስማት የሚመለሱት በመጪው እሑድ ነበር። ስለዚህ ያን ዓርብ ደምለው ደፋ በል ሲሉት እየደፋ፣ ተለጠጥ ሲሉት እየተለጠጠ ዳባት ገባ።

ዳባት ላይ ተሳፋሪው ወርዶ ወገቡን ሲያፍታታ ደምለው ወደ የሺወርቅ ሻይ ቤት አመራ።

«አያ፣ አንድ ብርጭቆ አይሉም?»

«ሂድ አንተ። ዳገት ወጥቶ እያለከለከ ማን ጥሎት ይሄዳል? እኔ እጠብቀዋለሁ።»

ሻዩን ጠጥቶ ሲመለስ አያ ሽበሺ ግላሳቸው ላይ ተደላድለዋል። ጋቢያቸው አፈር በአፈር ሆኗል፤ ፊታቸው ላይ የጽድቅ ሥራ የሠራ ሰው እርካታ ይታያል። ደምለው አይቶ መሪውን ያዘ። የአማት ጋቢ ለምን ቆሸሸ ተብሎ አይጠየቅም።

ከዳባት ብዙ ሳይርቁ ከጭነቱ ላይ የይታይሽ ድምፅ መጣ። ይታይሽ ጠላ ነጋዴ ናት፤ ምላሷ ከጌሾዋ ይመራል።

«ኧረ ሹፌር! መኪናህ መንገድ ላይ እየሸና ነው! ጥቁር መስመር እያሰመረ!»

ደምለው የዘይቱን መለኪያ ቢያይ መርፌው ወድቋል። ሞተሩን ወዲያው አጥፍቶ ከሥር ሲገባ ዘይት ግንባሩ ላይ ጠብ አለ።

የመኪና ሞተር ከሆዱ ሥር የዘይት ቋት አለው፤ ወፍጮ ሥር ዱቄት እንደሚጠራቀምበት ቋት ያለ፣ ከብረት የተሠራ። ዘይቱ ከዚያ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል፣ እርስ በርስ የሚፋተጉትን ብረቶች ያለሰልሳል፣ ተመልሶ እቋቱ ይንጠባጠባል። ቋቱ ዙሪያውን በቡሎን ታስሮ ከሞተሩ ጋር ይጋጠማል፤ በመካከላቸው ዘይት እንዳያመልጥ ስስ ማሸጊያ አለ። ቋቱ ደርቆ እያለ ከተነዳ ብረት ብረትን ይበላል፣ ሞተሩም ግጥም ብሎ ይቀራል። ሞተሩ ደግሞ የደምለው አይደለም፤ ጎንደር የተቀመጡት የወይዘሮ በለጠች ነው። እሱ ከጠፋ ደምለው ቁልፍ አስረክቦ በእግሩ ይሄዳል። መኪና ለያዘ ሰው ያልተሰጠች ደብሪቱ ለእግረኛ አትሰጥም።

ቡሎኖቹ በጣት ይዞራሉ። ሁለቱ ጭራሹን የሉም። ቋቱ ባንድ ወገን ተንጠልጥሎ ሳለ የመንገድ ድንጋይ ከንፈሩን አጣሞታል፤ ማሸጊያው ተቦጭቋል።

አያ ሽበሺ አጎንብሰው አዩ። «ምን ሆነ?»

«ቡሎኖቹ ላልተዋል፣ አያ።»

«ታዲያስ! እኔ ነኝ ያላላሁለት» አሉ በኩራት። «አንተ ለሻይ ስትሮጥ ለሱ ማን ያስባል? ዳገት የወጣች በቅሎ ስታርፍ የሆዷ ጠፍር ይላላል። ከወንበርህ ሥር መፍቻውን አወጣሁና ፈታ ፈታ አደረግሁለት። ሁለቱማ ክፉኛ ቆንጥጠውት ስላገኘኋቸው ጨርሼ አወጣኋቸው።» የጋቢያቸውን ጫፍ ፈቱ። ቡሎኖቹ ቋጠሮው ውስጥ ነበሩ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

«ውይ አያ ሽበሺ!» አለች ይታይሽ ሆዷን ይዛ። «እንግዲህ መሪውንም ይፍቱለታ! ልጓም እኮ ነው፣ አፉን ያቆስለዋል!»

«ማታ ደግሞ ድርቆሽ ይስጡት!» አለ ሌላው።

አያ ሽበሺ ሳቁ አልገባቸውም። አንዱን ሳቂ አየት፣ ሌላውን አየት አድርገው ወደ ደምለው ዞሩ። ሁሉም ወደ ደምለው ዞረ። ደምለው ከሥር እንደተኛ አሰበ። «ደግ አደረጉ» ቢል እሑድ ይሳካ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓርብ ግን ሽማግሌው ደግመው ያላላሉ። ከሰው ጋር ቢስቅ ደብሪቱን ይርሳት። ለደብሪቱ ሲል ብዙ ዳገት ደፍቶ ወጥቷል። በሞተር ግን አይዋሽም፤ የሚያውቀውን ያውቃል።

«አያ፣ እስቲ ከሥር ይግቡና እጅዎን ይስጡኝ» አለ።

ሽማግሌው ከነጋቢያቸው ገቡ። ደምለው እጃቸውን ይዞ በቋቱ ዙሪያ አስዳሰሳቸው።

«ጠፍር ከቆዳ በላይ ነው የሚታሰረው። ይኼ ግን ራሱ ቆዳው ነው፤ ውስጡ ያለው ደሙ ነው። ጠፍር አላላሉለትም፣ አያ። ሆዱን ነው የቀደዱት።»

ውጭ ሳቁ በረደ። አያ ሽበሺ የጠቆረ እጃቸውን እያገላበጡ አዩት። በዚያ መንገድ ታሪክ አያ ሽበሺ ዝም ሲሉ ይህ የመጀመሪያው ነው። ደምለው ገና ያልተተከለው የሠርጉ ዳስ ሲፈርስ ታየው።

«እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ «በምን ይጠገናል?»

«ስስ ቆዳ ቢኖረኝ በመካከሉ ማሸጊያ እቆርጥለት ነበር። ቅባት የጠገበ ቆዳ።»

አያ ሽበሺ ከሥር ወጡ። ከጋቢና ሲመለሱ ግላሱን ይዘዋል፤ ስንት ዘመን ቅቤ ሲጠጣ የኖረ፣ እንደ ሐር የለሰለሰ።

«አያ፣ ይኼማ የዳማ...»

«ዳማ ሰው መንገድ ላይ ጥላ አታውቅም። ቁረጠው።»

ይታይሽ እንኳ ሳቋን ዋጠች። እንዲያውም የቀረውን ዘይት የሚያጠራቅሙበት ትልቅ ድስቷን ራሷ አቀረበች። «ኋላ ጠላዬ ሞተር ሞተር ቢል እናንተው ናችሁ የምትጠጡት!»

ደምለው ቋቱን አወረደ፤ የተጣመመውን ከንፈር ድንጋይ ላይ አስደግፎ በመዶሻ አቀናው። ግላሱ ላይ ደፍቶም ዙሪያውን በዘይታም ጣቱ አሰመረ። አያ ሽበሺ በካራቸው ቆረጡ፣ የቡሎኖቹን ቀዳዳ በወስፌ በሱ። ቋቱ ተመልሶ ቦታው ሲገባ ግን ዝም ማለት አቃታቸው።

«እንዴት ነው የምታጠብቀው? ተራ በተራ?»

«የለም፣ አያ። ከወዲህ ትንሽ፣ ትይዩውን ከወዲያ ትንሽ፤ እየተመላለስኩ።»

ፊታቸው በራ። «እንደ ጭነት በለኛ! አንዱ ወገን ቀድሞ ከጠበቀ ይገለበጣል!»

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው! መጋቤ ሞተር ወደ ሹመታቸው ተመለሱ። «ከወዲህ! በቃ! አሁን ከወዲያ! በቃ አልኩህ!» ደምለውም አንድም ሳያጎድል ታዘዘ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ነበሩና።

የድስቱን ዘይት በጨርቅ አጥልለው መለሱት፤ የጎደለውን ደምለው ለክፉ ቀን ካስቀመጠው ቆርቆሮ ሞላው። ሞተሩ ተነሣ። ሕዝቡ ሁሉ አጎንብሶ ከሥር አየ። ጠብ የሚል የለም።

«ቼ» አሉ አያ ሽበሺ፣ በቀስታ።

ደባርቅ ሲደርሱ ደብሪቱ ግላሱን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። አባቷ ቁርጥራጭ አቀበሏት። አባቷን አየች፣ ሹፌሩን አየች፤ ሁለቱም ጥቁር። ያን ቀን እይታዋ ምን እንደሚል ደምለው ሊያነበው አልቻለም።

እሑድ ከመኪናው ሥር ተኝቶ የጠበቀውን ቡሎን ሁሉ ሲያጠብቅ ዋለ። ሽማግሌዎቹ ወደ ማታ መጡ፤ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ከፊት፣ ፊታቸው የሑዳዴ ፊት።

«መጀመሪያ» አሉ መሪጌታ፣ «አያ ሽበሺ 'ይህ ልጅ በሰው ፊት፣ ሆድ ቀደዱ ብሎኛል' አሉን። እኛም ነገሩ አለቀ ብለን መቋሚያችንን አነሣን።»

«ከዚያስ?»

«'ተቀመጡ' አሉን። 'ደፋ በል ስለው ሲደፋ፣ ይህ ልጅ ለልጄ ሲል ያሞኘኛል ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ግን እሱ እጄን ይዞ አሳየኝ' አሉ።»

«ከዚያስ፣ መሪጌታ?»

«ከዚያማ አንድ ከባድ ጥያቄ አነሡ።»

ደምለው ብድግ ሲል ራሱ ከብረቱ ጋር ተጋጨ።

«ለሠርጉ ቀን የመኪናው ጨው ከማን ቤት ይወጣል አሉ። ከወንዱ ቤት ብለን ጨረስን።»

ደምለው ራዲያተሩ ውስጥ ጨው አልጨመረም፤ በሞተር አይዋሽም ብለናል። አንድ የአሞሌ ቁራጭ ግን ከዚያ ወዲህ ጋቢናው ውስጥ ተንጠልጥሏል። አያ ሽበሺ አሁን የሚቀመጡት በባዶ ወንበር ነው። እረኛ ሆኑ ወይ ብሎ ለሚቀልድ ወደ ታች ይጠቁማሉ። «ግላሴ ከሥር ነው። ዳማ ዛሬም ደባርቅ ትገባለች።»

ባለፈው ዓርብ ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ። ደምለው ጋቢናውን ብቻውን ያዘው። ጸጥታ ነው፣ ሰላም ነው፣ የሚያዝ የለም። ዳባት ላይ ከሥር ገብቶ ቋቱን ዳሰሰ፤ ማንም አላላላውም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከፋው። ከፊቱ ዳገት ነበር፤ ሞተሩ መጨነቅ ጀመረ። ደምለው ግራና ቀኙን አየ። የሚያይ አልነበረም። ደፋ አለ።

«ቼ! አይዞህ የኔ ጌታ!»

ከጭነቱ ላይ የይታይሽ ድምፅ መጣ።

«እኛም ደፋ ብለናል፣ ሹፌር! ንዳው!»